ውዱ የቻርጀር ገመድ

አባቴ የስልካቸውን ገመድ የሚሰኩበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ማንኪራ ገጠር ያለው ቤታችን መብራት ስላልገባለት ስልኩ የሚሞላው በትንሽ ሶላር ነው። ገመዱን ከሶላሩ ባትሪ ላይ ይሰኩና ስልኩን መደቡ ላይ ያስተኙታል። ከዚያ የገመዱን አንገት በአንድ በኩል ጠምዘዝ አድርገው ድንጋይ ይጭኑበታል። ድንጋዩ ትንሽ ከተንሸራተተ መሙላቱን ያቆማል። ስለዚህ ስልኩ እየሞላ ሳለ በመደቡ በኩል ማንም ማለፍ አይፈቀድለትም። ዶሮ እንኳ ዘው ብላ ከገባች አባቴ ከተቀመጡበት ብድግ ይሉ ነበር።

ገመዶቹን የምገዛላቸው እኔ ነበርኩ። ቦንጋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ወደ ማንኪራ በሄድኩ ቁጥር ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር አንድ የቻርጀር ገመድ ከቦርሳዬ አይጠፋም። የምገዛው መናኸሪያው አጠገብ ካለ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ በላስቲክ ታሽጎ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን። አዲስ ሲሆን ሁሉም ይሠራል። የኛ አገር ዝናብ ግን ለብረት አይመችም፤ ጫፉ ይዝጋል፣ አንገቱ ጋ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። አባቴ ደግሞ ንብ ያነባሉ። እጃቸው ማርና ጥላሸት ስለማያጣው ገመዱም የድርሻውን ያገኛል። ጥቂት ጊዜ ይቆይና ድንጋዩ ይመጣል። ከዚያ ድንጋዩም አይረዳውም።

ስልኩ ለሌላ ጉዳይ አልነበረም የሚፈለገው። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ዳር በሚገኝ ፋብሪካ ትሠራ ነበርና እሑድ እሑድ ለአባቴ ትደውላለች። እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ ከሷ ጋር ካላወሩ ሳምንቱ ያለቀ አይመስላቸውም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩን ይዘው ኔትወርክ ወደሚያገኝበት ጉብታ ይወጣሉ፤ እዚያ ቆመው በካፍኛ እየጮኹ ያወራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ እህቴ ምን እንደበላች ሳይቀር ያውቃል።

እህቴ የምትሠራው የቻርጀር ገመድ ነበር። ሽቦውም ጫፉም ከውጭ አገር በካርቶን ይመጣል። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው፣ እርሳስ የሚመስል ቀጭን ነገር በጋለ ብረት እያቀለጡ ሽቦውን ከጫፉ ጋር ያጣብቁታል። ከዚያ ላስቲክ ይለብሳል፣ ይታሸጋል፣ ይጫናል። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። "እታለም፣ እጅሽ ፈጣን ነው አሉኝ፤ ከሁሉም አስቀድመው ለኔ ወንበር ሰጡኝ" ብላ የደወለችልኝ ቀን ቢሮ ውስጥ ላሉት ሁሉ ነገርኳቸው።

ከቆይታ በኋላ ከንግግሯ መሀል ሳል ገባ። በመጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች። ቀጥሎ ጭሱ ነው አለች።

"የምን ጭስ?"

"ስናቀልጠው የሚወጣው ነዋ። ይለመዳል።"

"ቤቱ መስኮት የለውም እንዴ?"

"አለው። ግን አቧራ እንዳይገባ ብለው ይዘጉታል።"

"ተዪውና ነይ!" አልኳት።

"መጥቼስ ምን ልሥራ?" አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ስንት ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማስታወቂያዎቹን የምጽፈውና የምለጥፈው እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ሶላሩ ፀሐይ አጣ፤ የአባቴ ገመድም ጨርሶ ሞተ። ወደ ማንኪራ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሞተረኞቹም አንሄድም ይላሉ፤ እኔም ደግሞ የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ይዞኝ መውረድ አልቻልኩም። አባቴ ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ክረምት ሲሆን የተለመደ ስለነበር ብዙም አላሳሰበኝም። እህቴ ጋ ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። በሥራ ሰዓቷ ስልክ ከበር ላይ ስለሚቀበሏቸው ይህም አዲስ ነገር አልነበረም።

እህቴ ግን ሥራ ላይ አልነበረችም። ከወንበሯ ላይ ወድቃ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ስልኳ በር ላይ እንደተቀመጠ ስለቀረ በፋብሪካው መታወቂያዋ ጀርባ ላይ "በአደጋ ጊዜ" ከሚለው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ደወሉ። የተጻፈው የአባቴ ቁጥር ነው። ደጋግመው ደወሉ። በማግሥቱም ደወሉ። አንደኛዋ ልጅ በኋላ ስታጫውተኝ "ዘመድ የላትም ብለን ነበር" አለችኝ። በክፋት አልነበረም ያለችው።

ራሷን ስታውቅ እንዳልደነግጥ ብላ ለኔ አልደወለችም። ከሆስፒታል ወጥታ፣ ልጆቹ አዋጥተው ቲኬት ቆርጠውላት፣ በአውቶቡስ መጣች። ጅማ አድራ በማግሥቱ ቦንጋ ገባች። እኔ ያወቅኩት ከመናኸሪያው ስትደውልልኝ ነው።

"እታለም፣ ዳገቱን መውጣት አቃተኝ" አለች።

ከቢሮ በሩጫ ወረድኩ። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሽቅብ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ለሰላምታ ለመነሳት ግን አልሞከረችም። ያኔ ነው የፈራሁት። እሷ ለሰው የማትነሳ ልጅ አልነበረችም።

በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋዬን ለቀቅኩላት። ከተማችን ውስጥ ያለው ሐኪም ራጅ አስነሳት፣ አክታዋን አስመረመረ። ቲቢ አይደለም ተባለ። ሳንባዋ ቆስሏል፣ አንዳንዱም ቦታ ጠጥሯል አለን። ከጭሱ ነው ወይ ስለው "ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ ሆኖ መናገር ግን ይከብዳል" አለ። ወደ ጅማ ጻፈልን። ጅማም ሄድን፤ ተመሳሳይ ነገር ነገሩን፤ መድኃኒት ሰጡን። ቀደም ብትመጣ ኖሮ ይሻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሐኪሟ ወረቀቷን እያየች "አሁን እሱን ማሰብ አይጠቅምሽም" አለችኝ።

አባቴ ወሬውን ሰምተው በጭቃው መጡ። ወደ ክፍሏ ሲገቡ ከኪሳቸው የሞተውን ገመድ አወጡና አልጋው ላይ አስቀመጡት። ሌላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያላወቁ ይመስላሉ።

"ይሄ ነው ያዋረደኝ" አሉ። "ልጆቹ ሲደውሉ ይሄ ነው አፌን የዘጋኝ።"

እህቴ ገመዱን አነሳችው። ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አገላበጠችው፤ የተሰነጠቀውን አንገት በጥፍሯ ፈለቀቀችና ውስጡን አየች።

"የኛ ሊሆን ይችላል" አለች።

"የእናንተ?"

"ካርቶኑን ባየው አውቀው ነበር። እኛ የምንሠራው ወደ ገጠር ከተሞች ነው የሚሄደው። እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ሽቦው ቀጭን፣ ማጣበቂያው ትንሽ። ቶሎ ቶሎ በሉ ስለሚሉን ደህና አድርጎ የሚያጣብቅ የለም። ደህና አድርጌ ላጣብቅ ያለች ከረድፉ ወደኋላ ትቀራለች።" ሳል አቋረጣት። "አባባ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።"

አባቴ ገመዱን ከእጇ ተቀብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ለምን እንዳልጣሉት አላውቅም።

እኔ የዚያን ቀን አንድ ነገር ላድርግ አልኩ። የሚበልጠውን ማድረግ ሲያቅት ሰው የሚችላትን ትንሿን ነገር ይይዛል። በጀት ክፍል ውስጥ ያሉ አንድ ባልደረባዬ ለሥልጠና አዲስ አበባ ይመላለሳሉ፤ ስለ ዕቃ ያውቃሉ፣ ያነባሉ። "ጋሼ፣ የማይበላሽ የቻርጀር ገመድ አለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አለ። በክር የተጠለፈ፣ ጠንካራ። ደግሞ ሠራተኛው በአግባቡ ተከፍሎት፣ ሳይበደል የተሠራ ነው ተብሎ የሚሸጥም አለ። ከውጭ የሚያመጡት ናቸው። ግን በዋጋው ከመናኸሪያው አንድ ዘለላ ሙሉ ትገዢበታለሽ።"

"ያምጡልኝ" አልኳቸው።

"ለገመድ?" አሉና ፊቴን አይተው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። እህቴ መታመሟን ያውቁ ነበር።

ገመዱ በወፍራም ወረቀት ሣጥን ተቀምጦ መጣ። ጥቁር፣ ክብድ ያለ፣ በክር የተሸመነ፤ አንገቱ ጋ እንደ ጣት የወፈረ። በሣጥኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር። እህቴ ትራስ ተደግፋ "አንብቢልኝ" አለችኝ። እንግሊዝኛውን እንደምችለው እየመለስኩ አነበብኩላት። ሠራተኞቹ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ያገኛሉ ይላል። መዳቡ ሕፃናት ከማይሠሩበት ማዕድን ነው ይላል። ለብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ ቆሻሻ አይበዛም ይላል።

"መስኮት አለው ይላል?" አለች።

ወረቀቱን በሁለቱም በኩል አየሁት። "አይልም።"

"ስለ ጭሱስ?"

"አይልም።"

ገመዱን ተቀበለችኝና እንደ ባለፈው ጫፉን ለብርሃን ሰጥታ አየችው። በአውራ ጣቷ ደባበሰችው። "ይሄን የሠራችው አልተጣደፈችም" አለች በመጨረሻ። "ደህና ቦታ ትሆናለች። ወይም ደግሞ የዚያን ቀን አለቃዋ ቀርቶ ይሆናል።" ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጀርባዋን ይዤ ቆየሁ።

ማታ ላይ "ለሱ ያን ሁሉ ብር በማውጣትሽ ተናድጄብሻለሁ" አለችኝ። "ግን እኛም እንደዚህ እንድንሠራ ቢተዉን ደስ ይለኝ ነበር።"

ቡና ለቀማው ሲጀመር አረፈች። ማንኪራ ቀበርናት። ለቀስተኛው ከጫካው ቅርጫቱን እንዳነገተ ነበር የሚመጣው፤ ቡናው ጊዜ አይሰጥም። አብረዋት ይሠሩ ከነበሩት አንዷ ብቻ መምጣት ቻለች። ሌሎቹ ፈቃድ ተከለከሉ አለችን። እሷም ብትሆን ከሠልስቱ በፊት መመለስ አለባት። ስትቀመጥም ስትነሳም ታስል ነበር፤ አባቴ ባሳለች ቁጥር ቀና ብለው ያዩዋታል። ስንሸኛት እጇን ይዘው "አትመለሺ" አሏት በአማርኛ። አማርኛ ብዙም አይሞክሩም። ልጅቷ አቀርቅራ ጉልበታቸውን ሳመችና ሄደች።

ውዱን ገመድ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ። ያለ ድንጋይ፣ ያለ ምንም መጠምዘዝ ስልኩን ሞላ። እንግዲህ እሑድ እሑድ እኔ እደውላለሁ አልኩ፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ደወልኩ። መጀመሪያ አካባቢ ጉብታው ላይ ወጥተው ያነሱልኝ ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎረቤት የሚሰማው ወሬ የለንም። ጥቂት ሰንበት ካለፈ በኋላ ዝግ ይሆን ጀመር። ገመዱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ወረድኩ።

ቤቱ ስደርስ መደቡ ላይ ስልክ ተደርድሯል፤ የጎረቤት ስልኮች ናቸው። ገመዱ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰነጠቀም። ሰዉ ሁሉ ተራ እየጠበቀ በሱ ይሞላል፤ የንብ ቀፎ ሊሰቅል የሚሄደው ጎረምሳ፣ አዋላጇ፣ ባሏ ሺሺንዳ ገበያ የሚነግድላት ሴትዮ፣ ሁሉም። የአባቴ ስልክ ግን ግርግዳው ላይ በተሰቀለ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ አቧራ ለብሷል።

"ለምን አይሞሉትም?" አልኳቸው።

"ለማን?" አሉኝ።

"ለኔ።"

"አንቺ እኮ ቅርብ ነሽ፤ ትመጫለሽ" አሉ። ከዚያ አንዱን ስልክ ነቅለው ሌላውን እየሰኩ፣ "ሲጠራ እሷ ትመስለኛለች። ልቤ ይቆማል። አልችለውም።"

ከዚያ ወዲህ ስልክ አላስታወስኳቸውም። ስችል እወርዳለሁ። ጭቃ ሲሆን እቀራለሁ። ስቀር ደህና ይሁኑ አይሁኑ የማውቀው አልፎ አልፎ ገበያ ከሚወጣ የማንኪራ ሰው ጠይቄ ነው።

በጀት ክፍል ያሉት ባልደረባዬ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ "ለመሆኑ ገመዱ ዋጋውን ያወጣል?" ብለው ጠየቁኝ። ለልጆቻቸው ሊገዙ አስበው ነው። አወጣ ብል እውነት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እየተጠቀመበት ነው፤ የመናኸሪያውን ቀጫጭን ገመድ እየገዛሁ እየጣልኩ ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ለሱ ያወጣሁት ይሻላል። የሠራችውም ልጅ ምናልባት አታስልም። ግን ወረቀቱን አምኜ ነው፤ ወረቀት ደግሞ እኔም ስጽፍ ነው የምውለው፤ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁላችንም ውዱን ብንገዛ እህቴ የሠራችበት ፋብሪካ መስኮቱን ይከፍት ነበር? ወይስ በሩን ዘግቶ ሴቶቹን ይበትናቸው ነበር? ይህንን ከሻይ ብርጭቆ ጋር ተቀምጬ መፍታት አልቻልኩም።

"ይቆያል" ብቻ አልኳቸው።

የመናኸሪያውን ባለሱቅም ጠየቅኩት። ጥሩውን ለምን አታመጣም ስለው አንድ ጊዜ አምጥቶ እንደነበር ነገረኝ። ሰው ያነሳዋል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ብዙ ተንጠልጥሎ ቆየና በመጨረሻ በኪሳራ ለአንድ እንግዳ ሸጠው። "ሰው እኮ ጥሩውን ጠልቶ አይደለም" አለኝ። አውቃለሁ። እኔም ስልኬን የምሞላው በነጩ ነው፤ ሁለተኛ ውድ ገመድ የምገዛበት አቅም የለኝም።

ባለፈው የቤት አከራዬ በሬን አንኳኩተው ገቡ። ሁለተኛዋ ልጃቸው አዲስ አበባ ዳር ሥራ አግኝታለች። የፋብሪካውን ስም ነገሩኝ፤ እህቴ የሠራችበት ነው።

"እትዬ፣ አይላኳት" አልኳቸው።

እህቴ አልጋዬ ላይ ተኝታ ውኃ ያቀብሏት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ገላዋን አብረን አጥበናል። ሁሉንም ያውቃሉ። ያም ሆኖ እንደ አዲስ ነገርኳቸው፤ ጭሱን፣ መስኮቱን፣ መታወቂያው ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ነግሬያታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እሷም አይታለች። እዚህ ተቀምጬስ ምን እሆናለሁ አለችኝ። ምን ልበላት? አንቺ ምን ትያት ነበር?"

አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቅኳቸው።

ማለዳ መናኸሪያ አብሬያቸው ሄድኩ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሙዝና ሻንጣ ይጭናሉ። ልጅቷ አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። እናትየዋ መስኮቱ ሥር ቆመው የማይረባ ነገር ያወራሉ፤ ሹራብሽን ልበሺ፣ ጅማ ላይ ውኃ ከቧንቧ አትጠጪ። ልጅቷ አዎ አዎ ትላለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እትዬ ጥቂት አብረውት ተራመዱ፤ ከዚያ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ሄዱ። አብሬያቸው ልሂድ ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

እኔ ወደ ሥራ ዳገቱን ወጣሁ። ቢሮ ስገባ መብራት ጠፍቷል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፍተዋል፤ ሰዉ ኮት ደርቦ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እኔም ወንበሬን ስቤ መብራቱ እስኪመጣ ልጠብቅ ተቀመጥኩ።